የእማማን ልሳን የፈታሁት እኔ ነኝ

ልጄ ምሕረት አግዳሚው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ «እማዬ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። እግሯን አየሁት፤ ቁርጭምጭሚት የለውም። በጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ሊጥ የነካሁ ይመስል። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቧል። ራሷን ሲፈልጣት ነው ያደረው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ወሯም ገብቷል። ጤና ጣቢያ «ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ሳትውዪ ሆስፒታል ሂጂ» ብለዋት፣ እሷ ወደ እኔ ነው የመጣችው።

«በይ እንሂድ» አልኳት።

አልሄድም አለች። ግራ ገብቷት አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ? ቢላዋ አይነካሽም፣ በቤትሽ በሰላም ትገላገያለሽ ብላለች እማማ ብለሽ የፈታሽልኝ አንቺ አይደለሽ?»

እኔ ነኝ። የፈታሁላት እኔ ነኝ። እማማ ግን አላለችም።

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለምሕረት አልተናገርኩም፣ ለጸሎት ኅብረታችን አልተናገርኩም፣ ትውልድ አገሬ ቤሌ ላለችው እህቴም አልተናገርኩም። ስጸልይ እንኳ እዚያ ላይ ስደርስ ዘልዬው ነው የማልፈው፤ እግዚአብሔር ያላየው ይመስል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ አማርኛዬም ገበያና ቀበሌ ያስተማሩኝ የሶዶ አማርኛ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። ብትስቁብኝም ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ፊት አፌ እምቢ አለኝ። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር።

እማማ የባለቤቴ የቶማስ እናት ናት። «አንቱ» እንዳልላት የከለከለችኝ ራሷ ናት፤ ሙሽራ ሆኜ ከቤሌ ስመጣ፣ ልጅ እናቷን አንቱ ትላለች ወይ ብላ። ይህን ስላችሁ ግን ለስላሳ ሴት እንዳትመስላችሁ። የዚያኑ ሰሞን ጓሮ እንሰት ስፍቅ አየችኝና፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ «ኑ እዩ፣ ከቤሌ ያመጣናት ልጅ እንሰቱን ትፍቀዋለች ወይስ እሹሩሩ ትለዋለች?» ብላ መሳቂያ አደረገችኝ። አለቀስኩ። ማታ ራሷ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ አያያዙን አሳየችኝ። እንዲህ ነበረች። ምላሷ ይቆርጣል፣ እጇ ይጠግናል።

ሶዶ ቅቤ ተራ ላይ የቶማስ እናት ሲባል የማያውቃት አልነበረም። ዕድሜዋን በሙሉ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ሸጣለች። ሁለት የተጣሉ ሴቶች መሃል ከተቀመጠች፣ አንዷን በምሳሌ ሌላዋን በስድብ እያለች ሁለቱን አስቃ ነው የምታስነሳቸው። ከገሱባ ድረስ ሰው መጥቶ አስታርቂን ይላት ነበር። ቶማስ ሲሞትብኝ የአባቱ ወንድሞች ተሰብስበው፣ እኔ ወደ ቤሌ እንድመለስ፣ ምሕረትን እነሱ እንዲያሳድጓት ተነጋገሩ። ማንም አልጠየቀኝም። እማማ ከሐዘን ፍራሿ ላይ ተነሥታ ቆመች። «አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሁለተኛዋን በቁሟ አልሸኝም» አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ። ስለዚህ ሴት ነው የምናዘዘው። የማን አፍ ላይ እንደተጫወትኩ እወቁልኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ኅብረት በኛ ቤት ይካሄዳል። አንድ ሐሙስ እማማ እንደ ሁልጊዜዋ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ በወላይትኛ ትጸልያለች። መሃል ላይ ንግግሯ ተለወጠ። ወላይትኛም አይደለም፣ አማርኛም አይደለም። ይወጣል ይወርዳል፣ ይጠይቃል ይመልሳል፣ ነገር ይመስላል፤ ግን ከውስጡ አንድ ቃል መያዝ አይቻልም። ኅብረታችን የልሳን ስጦታ ለምኖ ለምኖ የቆየ ኅብረት ነበር። ሴቶቹ «ክብር ለጌታ» ብለው ጮኹ። አንዳንዶቹ በግንባራቸው ተደፉ። እኔ ዓይኔን ገለጥኩ።

አየሁ። አላየሁም አልልም። የቀኝ ከንፈሯ ጥግ ወርዷል። ቀኝ እጇ ከጉልበቷ ላይ ተንሸራትቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሏል። አባቴ በሞተበት ሰሞን አፉ የወረደው ልክ እንዲህ ነበር። ስለዚህ አወቅሁ። አውቄ ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልኩ? ሁሉ ሲያመሰግን እኔ «ታማለች» ብል መንፈስን ያዳፈነች እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፤ ለራሴ የምነግረው ይህን ነው። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ደስ አለኝ። ስጦታው የወረደው በኛ ቤት ነው። የቢሮ ሠራተኞች ሚስቶች፣ አስተማሪዎቹ፣ በአገጫቸው ሰላም የሚሉኝ ሴቶች በኔ ወለል ላይ ተደፍተዋል። ያን ደስታ በአንድ ቃል ላጥፋው? አላጠፋሁትም። እማማን ሐኪም ቤት የወሰድኳት በማግሥቱ ስኒ መያዝ ሲያቅታት ነው።

ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነበር፣ ወላይትኛ አይሰማም፤ እኔ ነበርኩ መሃል ቆሜ ያስተረጎምኩት። ስትሮክ ነው አለኝ። ከግፊት የመጣ ነው፣ የጭንቅላቷን የቋንቋ ቦታ መትቶታል አለኝ። ክኒኑን አሳየኝ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ እኔን ብቻ አየና፣ «ቃሉ ነው የጠፋባት እንጂ እሷ አልጠፋችም። ጊዜ ስጧት። በእሷ ፈንታ አትናገሩ» አለ።

ክኒኑን አንድ ቀን አላጓደልኩባትም። ቃሉን ግን ዋጥኩት። ለኅብረቱ ምን አልኩ? «ግፊት አለባት አሉ፤ የልሳኑ ነገር ግን ለሐኪም አይገባም» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

በቀጣዩ ሐሙስ እማማ ልትናገር ሞከረች። ያው ፈሰሰ። የኅብረታችን መሪ ጋሽ ባልቻ አናጢ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ልሳን ያለ ፍቺ በጉባኤ አይሆንም፣ የምሕረት እናት አብረሻት የምትኖሪው አንቺ ነሽ፣ ምን ይሰማሻል አለኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንዲያ ዞሮ ያየኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረም። የሐኪሙ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ «አትፍሩ፣ ይህ ቤት ተጎብኝቷል ትላለች» የሚል ነው። አለቀሱ። አንዷ መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ።

እኔ የእማማን አፍ የወሰድኩት ያን ቀን ነው። በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ።

ከዚያ በኋላ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዷ አረካ ሱቅ ልክፈት ወይ ትላለች። አንዱ ልጄን ለማን ልዳር ይላል። እማማ ትናገራለች፣ እኔ እፈታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍቺዬ ሁሉ «ጠብቁ» ነበር። ጠብቁ፣ ጸልዩ፣ አትቸኩሉ። ጠብቁ የሚል ትንቢት አይከሽፍም። ለራሴ፣ ማንን ጎዳሁ እላለሁ። ሰው ጠበቀ እንጂ ምን ሆነ?

እማማን ነው የጎዳሁት። ደግሞ ተጎድታ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በዚያን ጊዜ ምን ትሠራ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ይህን ሳስበው ዛሬም በእሷ እኮራለሁ፣ በራሴ አፍራለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከኔ ቀድማ ተነሥታ ጓሮ ትወርዳለች። መጀመሪያ ለመጸዳዳት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ተከትያት ከእንሰቱ ጀርባ ቆምኩ። ግራ እጇን ቅጠሉ ላይ አድርጋ ስሙን ለማውጣት ትታገላለች። የማይያዘው ንግግር ይፈስና ታቆመዋለች። አፏን ትዘጋለች፣ ትተነፍሳለች፣ እንደገና። ሌላ ቃል ይወጣል፤ «ውሻ» ትላለች። ራሷን ትነቀንቃለች፣ አይደለም። እንደገና። የአተር ፍሬ የሚያህል ላብ አንገቷ ላይ ወርዶ አየሁ። መጨረሻ ላይ «እንሰት» አለች። ቀጥ ያለ ወላይትኛ። ማንም ሳይሰማት፣ ማንም አሜን ሳይላት። ፈገግ ብላ ቅጠሉን መታ መታ አደረገችውና ወደ ጥጃዋ ሄደች። የጥጃዋ ስም ደግሞ በሌላ ቀን ነው የተገኘው።

ያስተማራት የለም። ጊዜ ስጧት የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ ጊዜውን ለራሷ የሰጠችው እሷ ናት። እንሰት መፋቁንም በግራ እጇ ተማረችው፣ በስተርጅና። ይገርማል። ገበያም ወጣች። አንዷ ነጋዴ የቶማስ እናት አእምሮዋ ሄዷል ሲባል ሰምታ ኖሮ፣ ከላዩ ለጋ ከውስጡ የከረመ ቅቤ ልታስይዛት ሞከረች። እማማ ኮባውን ፈታችው፣ ጣቷን እስከ አንጓዋ ድረስ ሰደደችው፣ አሸተተችው፣ የሴትዮዋ አፍንጫ ላይ ቀባችው። ቅቤ ተራው በሳቅ ወደቀ። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔ ደግሞ አእምሮዋ ሄዷል የሚለውን ወሬ ማን እንዳስወራው አውቅ ነበር።

አዎ፣ እሱንም ያስወራሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱም አንድ ጠዋት ከእንሰቱ ጀርባ ስሰማት የምትታገለው ቃል «ውሸት» ሆነ። ደጋግማ ሞከረችው። በመጨረሻ ጥርት ብሎ ወጣ። እጇን ምንም ላይ አላሳረፈችም ነበር፤ ወደ ቤቱ ነበር የምታየው።

 ሰው የታመመች እናቱ ስትድን ምን ይሰማዋል? ደስታ አይደለም ወይ? እኔ ትድናለች ብዬ ፈራሁ። ይህን ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም። እንዳትድን ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ ሲመጣ ደክሟታል ማለት ጀመርኩ። ቆየት ካሉ አስተኛታለሁ። ልትናገር ስትጀምር ቀድሜ እፈታለሁ። ብቻዋን ጥሩ ቃል ካወጣች፣ አጋጣሚ ነው፣ አእምሮዋ ይሄዳል ይመጣል እላለሁ። አጎቶቹ ሊያባርሩኝ ሲሉ አልሸኝም ያለችልኝን ሴት በገዛ ቤቷ አፏን ዘጋሁባት።

ምሕረት ከጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ የሰማች ጊዜ በሐሙስ መጥታ ጠየቀች። ጎረቤቷ በቀዶ ጥገና ወልዳ ብዙ ታማ ነበርና ቢላዋ ፈርታለች። ባሏ አስተማሪ ነው፣ ቢጠና ከተማ ተመድቦ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ ብቻዋን ናት። ሁሉም ፊት ተንበርክካ «እማማ፣ ምን ልሁን?» አለች። እማማ ብዙ ተናገረች፣ በጭንቀት። እኔ የልጄን ፊት አየሁ። መስማት የምትፈልገውን አወቅሁ። እናት ነኝ፣ ላስደስታት ፈለግሁ። «አትፍሪ፣ ቢላዋ አይነካሽም፣ በቤትሽ በሰላም ትገላገያለሽ ትላለች» አልኩ። እማማ ተነሥታ ግራ መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው። ሰው ሁሉ እያየ አፌን ያዘችው። እኔ እጇን ቀስ ብዬ አወረድኩና፣ «አሜን በሉ ነው የምትለው» አልኩ።

ሁሉም አሜን አሉ።

እና ያ ቀን መጣ፣ ከላይ የጀመርኩላችሁ። ምሕረት አግዳሚው ላይ፣ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ እያለባት። ያኔ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነበር። ዋሽቼሻለሁ ማለት። አፌን ከፈትኩ። ልጄ ፊቴ እያበጠች፣ አልወጣም አለኝ። ለእንግዳ ሰው ሁሉ ስፈታ የነበርኩት እኔ፣ ለልጄ አንዲት የራሴን ቃል አጣሁ። ከእማማ ምን ለየኝ? እሷ ጭንቅላቷ ተመትቶ ነው። እኔስ ምኔ ተመታ?

ሐሙስ ነበርና የኅብረቱ ሰዎች መግባት ጀመሩ። ጋሽ ባልቻ እንጸልይላት አለ። እኔ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እማማ እንሰቱ ሥር ነበረች። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «እማማ፣ ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው። እኔን አትሰማኝም። አንቺ ንገሪያት» አልኳት።

አየችኝ።  አፏን የወሰድኩባት ሴት መጥቼ አፍሽን ስጪኝ እያልኩ ነው። በዚያን ጊዜ የነበሯት ቃላት ጥቂት ናቸው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቆሜ አድምጫቸዋለሁ። ውሸት የሚለው ከሁሉ ይበልጥ የጠራው ነው። ምርኩዟን አነሣች።

ስትገባ መንገድ ለቀቁላት። ምሕረት ፊት ቆመች። መጀመሪያ ያው የማይያዘው ወጣ፣ ሴቶቹም አሜን ማለት ጀመሩ። አቆመችው። አፏን ዘጋች። የአንገቷ ሥር ተገትሮ አየሁት። ከዚያ፣ «ተነሺ» አለች።

ሁሉም ሰማ። እዚያ ቤት ውስጥ ወላይትኛ የማይሰማ የለም። ጋሽ ባልቻ ግን ከልማድ ወደኔ ዞረና፣ «የምሕረት እናት፣ ፍቺው?» አለ።

«ፍቺ የለውም ጋሽ ባልቻ። ተነሺ ነው ያለቻት።»

ምሕረት «ወዴት እማማ?» አለች። እማማ ፈለገችው፣ ፈለገችው። «ገበያ» አለች። ስህተት እንደሆነ ወዲያው አወቀች፣ ጭኗን መታች። እንደገና ሞከረች። ገበያ። ከኋላ አንዷ በዚህ ሰዓት የምን ገበያ ብላ ሳቋን አፈነች። እማማ ቃሉን ተወችው። ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደች፣ ቀኝ እግሯን እየጎተተች ከቤት ወጣች፣ ከግቢ ወጣች፣ አስፋልት ዳር ቆማ ምርኩዟን ባጃጅ ፊት ዘረጋች። ባጃጁ ቆመ። ራሷ ገብታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ወዴት ነው?» አላት ሹፌሩ።

«ገበያ።»

«አሁን እኮ ተበትኗል እናቴ። ዝንብ ልትገዢ ነው?»

አልወረደችም። ጋሽ ባልቻ ለመናት፣ ሴቶቹ ለመኗት፤ በግራ እጇ ብረቱን ጨብጣ በር በሩን ታያለች። እኛ አገር የታመመች አሮጊት ብቻዋን ባጃጅ ላይ ስትሄድ ቆሞ የሚያይ ማን ነው? ምሕረት ያን ሁሉ እብጠት ተሸክማ ተነሣች። «እማማን ብቻዋን ልትለቋት ነው?» ብላ ተቆጣችን፣ እየተንገዳገደች መጥታ አጠገቧ ገባች። እማማ የምትፈልገውም ይህንኑ ነበር። ክንዷን ቆለፈችባት። እኔ በሌላው በኩል ተቀመጥኩ።

ሹፌሩ ዞሮ «ገበያ ነው?» አለ።

«ሆስፒታል» አልኩት። እማማ አየችኝና አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከስንት ሐሙስ ውስጥ በትክክል የፈታሁት ይህን አንዱን ነው።

ምሕረት ስታለቅስ ሄደች እንጂ አልወረደችም። የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ዓይኗ ተገለበጠ፣ መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ። ሰዎች ሮጡ፣ አልጋ መጣ፣ ወሰዷት። ቤታችን ቆይተን ቢሆን፣ አግዳሚው ላይ፣ መዝሙር እየዘመርን…። አልጨርሰውም።

ኮሪደሩ ላይ ከእማማ ጋር ቀረን። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው የእማማ ነገር በሙሉ የታየኝ። ያን ያህል ጊዜ የታገለችለት አፍ በመጨረሻ ሰው ፊት ሲከፈትላት፣ እኔን ልታጋልጥበት ትችል ነበር። ቃሉ ነበራት። እዚያው ቆሜ ነበር። አላወጣችውም። የነበራትን ጉልበት ሁሉ ለልጅቷ «ተነሺ» ለማለት አወጣችው። እኔ ብሆን ምን እል ነበር? አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ አልናገረውም።

ያኔ ነገርኳት። ሁሉንም፣ በስሙ። ሐሙስ ሐሙስ አፍሽን ወሰድኩ አልኳት። አእምሮሽ ሄዷል ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ አልኳት። እንዳትድኚ ፈርቼ ነበር አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። እማማ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ተናገረች። ያው የማይያዘው ነበር፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ረዘመ። ይቅርታ ይሁን እርግማን አላውቅም። ልቤ ይቅርታ ነው ሊል ቸኮለ። ዝም አሰኘሁት። ደግሜ አልፈታም።

ነርሷ ወጥታ የምሕረት እናት ማን ናት አለች። ቢላዋ ነክቷታል። ሴት ልጅ ተወልዳለች።

ከዚያ ወዲህ ለኅብረቱ ልሳኑ ቆሟል አልኩ፣ ጋሽ ባልቻም አዘነ፤ ሐኪሙ ያለውን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ምሕረት አንድ ቀን ሕፃኗን እያጠባች፣ ታዲያ ቢላዋ አይነካሽም ያለችው እንዴት ሆነ አለችኝ። ፍቺው ተሳስቶ ይሆናል አልኳት። ፍቺው አልተሳሳተም። ፍቺ በራሱ አይሳሳትም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ይህን ቃል ለእሷ ለማለት ዛሬም ከእማማ ይልቅ እኔ ነኝ የምንተባተበው። ይህ ጽሑፍ እጇ ከገባ ትወቀው።

እማማ አሁን በር ላይ ትቀመጣለች። ቃላቷ በዝተዋል፣ አንዳንዱ ቦታውን ስቶ ይወጣል። የምሕረትን ባል ውሻ ትለዋለች፣ ራሷ ቀድማ ትስቃለች፣ ከዚያ ስሙን እስክታገኝ ሁሉም ይጠብቃታል። የተጣሉ ሴቶች ደግሞ መምጣት ጀምረዋል። ረጅሙ ምሳሌ ቀርቷል፤ በጥቂት ቃልና በዚያ ዓይኗ ነው የምታስታርቃቸው፣ ሆኖም ስቀው ይሄዳሉ። ወደኔ ዞሮ ምን አለች የሚል የለም። እኔም ሥራዬን እሠራለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ምሕረት ደህና ናት። ልጇ ደህና ናት። እማማ በሕይወት አለች። ከአደጋው ወጥተናል። ያወጣችን እሷ ናት፤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።